የማሽኑ ቺፕስ

ታይዋን፣ ታይቹንግ ከተማ ባለው ፋብሪካችን፣ ማሽን አርፎ እንዲሠራ አናቱ ላይ አረንጓዴ ከረጢት ቺፕስ ይቀመጥለታል፤ ማንም አይነካውም። አንድ ሳምንት ግን የሚወጣው የካሜራ ሌንስ ሁሉ መሀሉ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ያዘ። ሙቀቱን ጨመርን፣ ሌንሱ የሚሠራበትን ፕላስቲክ ደግመን አደረቅን፤ ወይ ፍንክች!

አለቃችን ቦሁዋን፣ ሌንስ የምትፈትሸው ዩቺን ላይ ጮኸባት። «ሌንሱ ምን ሆነ? ችግሩ ዓይንሽ ላይ ነው፣ አንቺ ዕውር!»

ከዚያ የማሽኑን ቺፕስ አውርዶ ቀደደና ፊቷ ቆሞ እየቆረጠመ ጨረሰው።

ቀጣዩ ሌንስ ኩልል ብሎ ወጣ። ቦሁዋን እየሳቀ ዓይኑ ላይ ደቀነው።

«መብራቱን ማነው ያጠፋው?» አለ።

መብራቱ እንደበራ ነው። ዩቺን ሌንሱን ከጣቶቹ መሀል ቀስ ብላ ወሰደችው።

«ሌንሱ ምንም አልሆነም፣ አለቃ። ችግሩ ዓይንዎ ላይ ነው።»

መዳፏ ላይ ሌንሱ እንደ ዓይን ጨፈን፣ ገለጥ አለ።