የረዳት ተዋናዩ እጆች

የሺዋስ ለመግቢያ ፈተና የጻፈውን የፊልም ትንተና ለሰባተኛ ጊዜ አነበበው። ካስገባው ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ግን አሁንም የአንዱን ትዕይንት ደቂቃ ተሳስቼ ጽፌ እንደሆነስ እያለ ይሠጋል። ካለፈ አዲስ አበባ ሄዶ ፊልም ይማራል። ከወደቀ እዚሁ አሶሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ይኖራል። ቡለን ያለችው እናቱ «ውጤቱን እንዳወቅክ መጀመሪያ ለእኔ ደውል» ብላዋለች።

የተነተነው ዋናውን ተዋናይ ሳይሆን ረዳቱን ነው፤ የወዳጁ እጮኛ ሌላ ማግባቷን እያወቀ የሚደብቀውን ባለሱቅ የሚጫወተውን። «ለእጆቹ ሥራ ይፈልጋል» ይላል ጽሑፉ። «ሳቁ ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። ወዳጁን ብላ ብላ ይለዋል፤ ዓይኑን ግን አያየውም።»

ገና ጎህ ሲቀድ አከራዩ ሀምዲያ ትኩስ ገንፎ ይዘው ገቡ። በዚህ ሰዓት ገብተው አያውቁም።

«ብላ ልጄ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

የሥራ ባልደረባው ጣሀ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የካሜራ መስታወት ይወለውላል። ትናንት ውጤት ሊያይ ሄዶ አመሻሽ ላይ ተመለሰ፤ «ነገ እናወራለን» አለ፤ የየሺዋስን ስልክ ተዋሰ፤ ቤቱም ሳይሄድ እዚያው አደረ።

«ስልኬስ?» አለ የሺዋስ።

«ቻርጅ ላይ ነው። ብላ አንተ።»

«መብራት እኮ ከትናንት ጀምሮ የለም።»

ጣሀ ሳቀ። ዘግይቶ። መስታወቱ ከጠራ ቆይቷል፤ እሱ ግን አሁንም ይወለውላል።

የሺዋስ ለትወናው በሆዱ ከዐሥር ሦስት ሰጠው። መደበቅ እንኳ አይችልበትም። ወድቄያለሁ ማለት ነው አለ። ይከፋኛል ብሎ ጠበቀ፤ ምንም አልተሰማውም። ገንፎውን ከዳር ከዳር እየቆረሰ በላ። ምን እንደሚጣፍጥ አላወቀም።

«ንገረኝ ጣሀ። ወድቄያለሁ፣ አይደል?»

«ወላሂ አልወደቅክም! አንደኛ ነህ። ስምህን በዓይኔ አየሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትደብቀኝ?»

የጣሀ እጆች ቆሙ። ሀምዲያ ጎንበስ ብለው ሳህኑን አዩ፤ ባዶ ነው። አነሱትና በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ግቢው፦

«በልቷል» አሉ።

የባምባሲው አጎቱ፣ የእናቱ ወንድም፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገባ።