ለራሱ ያልመረጣት ትንሿ ሲሊንደር

"ትንሿ ትበቃሻለች እህቴ... ይሄን ሁሉ ሸክም ምን ያደርግልሻል?!"

እንዲህ ያላት ካፒቴን ሻዝሊ ነው። ግብፅ ውስጥ ዳሃብ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የጠላቂዎች ዕቃ ሱቅ ያለው አፈ ቅቤ...

እኔ ከሱቁ ጎን ሻይ ቤት ነው የምሠራው። ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጅቷ ሹሩቅ ትባላለች። ከእስክንድርያ መጥታ ስድሳ ሜትር መጥለቅ እፈልጋለሁ አለች።

እዚያ ታች ዋናው አየር ቢበላሽ ሰው የሚወጣው በመጠባበቂያው የአየር ሲሊንደር ነው። ተስፈንጥሮ መውጣት ደግሞ የለም... ቀስ እያሉ፣ እየቆሙ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ አየር ያስፈልጋል።

ትልልቆቹ ሲሊንደሮች ግን መደርደሪያው ላይ ለፈረንጆች ተይዘዋል። ለአገሬው ሰው ትንሿ!

"እርግጠኛ ነዎት ካፒቴን?"

"ስንቱን በእሷ አውርጄ አውጥቻለሁ!"

"ሁሉም ወጣ?"

ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ...

"አንድ ልጅ ብቻ ቀረ። እሱም በራሱ ጥፋት ነው። ፈሪ ነበር። ተርበትብቶ አየሩን ጨረሰው። ሲሊንደሯ ምን አጠፋች?"

ሹሩቅ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ደስ አላለኝም...

"እሺ፣ ትንሿን እወስዳለሁ። ግን ይዘውኝ የሚወርዱት እርስዎ ነዎት። እርስዎም ትንሿን ያስራሉ።"

"እኔ?... እኔ እንኳ ወገቤን..."

መልስ አልጠበቀችም። ሲሊንደሯን አንስታ በገዛ እጇ ጎኑ ላይ አሰረችለት። ጥብቅ አድርጋ!

እኔ ጋ ሻይ የሚጠጡት ጠላቂዎች በሙሉ ዞረው ማየት ጀመሩ። ጥግ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሻያቸውን ሳይነኩ የተቀመጡ ጥቁር የለበሱ እናትም ቀና አሉ።

"እንሂድ ካፒቴን።"

"ቀልዱ ይብቃ እህቴ..."

"ምን ቀልድ አለው? ትበቃለች አላሉም?"

አንዱ ጠላቂ ጣልቃ ገባ። "ካፒቴን፣ ምነው ላብ አጠመቀህ? ገና ውሃ አልነካህም እኮ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሻዝሊ ደሙ ፈላ።

"አብደሻል እንዴ?! በዚች ስድሳ ሜትር?! ግማሽ መንገድ እንኳ አታደርስም! እኔ ልጆች አሉኝ!!"

ሳቁ ቀጥ አለ...

ሹሩቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አንቱታውም ቀረ።

"ማዘን የሚባል ወንድም ነበረኝ፤ እሱም እናት ነበረችው። ያ ፈሪ ያልከው ልጅ ወንድሜ ነው። ይህችኑ አስረህ ነው የላክኸው።"

ያኔ ጥግ ላይ የነበሩት እናት ተነሡ። ቀስ ብለው መጥተው ፊቱ ቆሙ።

የማዘን እናት ናቸው...

"ሦስት ዓመት ሙሉ 'ልጅሽ ፈርቶ ነው የሞተው' እያልክ አንገቴን አስደፋኸኝ። በል አሁን፣ ልጄ ፈሪ ነበር?"

"አልነበረም..."

"ሁሉም ይስማህ!"

"ፈሪ አልነበረም! ትልቁን ጠይቆኝ ነበር... እኔ ነኝ የከለከልኩት!"

እናትየው የሹሩቅን እጅ ይዘው ወጡ።

ሹሩቅ ከበሩ ዞር ብላ "ፖሊስ ጋ ስትጠራ እንዲሁ ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምስክር ነው" አለችው።

ጠላቂዎቹ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏቸው። ፈረንጆቹም ሳይቀሩ!

ሻዝሊ ብቻውን ቀረ። ጥብቅ ያለውን ማሰሪያ መፍታት አቃተው።

"እባክህ ፍታልኝ..." አለኝ።

አየሁት... ብርጭቆዬን ማጠብ ቀጠልኩ።

ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

💔 ትምህርቱ፦ በራስህ ነፍስ የማትሞክረውን ነገር ለሰው "ይበቃሃል" ብለህ አትስጥ። ገድለህ ስታበቃ ደግሞ የሟቹን ስም አትግደል።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ማሰሪያውን ትፈቱለት ነበር ወይስ እንደታሰረ ትተዉት ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ... 👇