በሰው የተጻፈ

የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሳይቀር እንግሊዝኛ የሚያርምበት ዘመን ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ «በሰው የተጻፈ» የሚል ማህተም እንዲመታለት የሚፈልግ ተማሪ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ ውስጥ አንድም ማሽን ማስገባት አይችልም። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ስለ ንብ በሽታ ያጠናሁትን በገዛ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩት።

ዛሬ ማህተሙን የሚሰጡት ተቆጣጣሪ ወይዘሮ አሰገደች ቤታችን መጡ። ረቂቆቼን አገላብጠው መግቢያውን አስራ አንድ ጊዜ መጻፌን ሲያዩ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይህን ማሽንም አስመስሎ ይሠራዋል። ምስክር አለሽ?»

ባለቤቴ ይትባረክ ልብስ ከሚያጥብበት ሳፋ ተነሳ። እንግሊዝኛ አያውቅም። ግን ልጅነቱን ቅኔ ቤት ስላሳለፈ፣ አንዴ የሰማው ከአእምሮው አይወጣም። እሱ ሲያጥብ እኔ አጠገቡ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር የማርመው። ዓይኑን ጨፍኖ አስራ አንዱንም መግቢያ በእንግሊዝኛ ተራ በተራ ወረደው፤ ከነስህተቱ።

«ትርጉሙን ታውቀዋለህ?» አሉት ወይዘሮ አሰገደች፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

«ትርጉሙን እሷ ታውቀዋለች። እኔ የማውቀው ልፋቷን ነው።»

ለምስክርነቱ በጣቱ እንዲፈርም የአሻራ ማንሻ ሰሌዳቸውን ዘረጉለት። አምስት ጊዜ ጫነ፤ ሰሌዳው ግን በሳሙና ያለቀውን ጣቱን ማንበብ አቃተው። ይትባረክ አፍሮ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እንግዲህ በአሻራው ቦታ ምን ብዬ ልሙላ?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

የደበቀውን እጁን ስቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ሁለት ዓመት በእጁ ልብስ ያጠበ ብለው ይሙሉት» አልኳቸው።