ቁጥር የሌለው ብራንች

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሦስተኛው ፎቅ በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቆለፉ። ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ የሶፍትዌር ቡድኑ አለቃ፣ ሶፍትዌሩን የምትሞክረው ፈታሿ እና «ቀልዴ» የሚሉት ፕሮግራመር።

በሮቹን የሚያዘው ሶፍትዌር የራሳቸው ሥራ ነው። ዋናው ኮድ ላይ የገባ ለውጥ ወዲያው በዚሁ ሕንፃ በሮች ላይ ይሞከራል። ስለዚህ ዋናውን ማንም በቀጥታ አይነካም። እያንዳንዱ ሥራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዚያ ቁጥር ስም ብራንች፣ ማለትም የኮዱ ቅጂ ይከፈትለታል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ዋናው ይቀላቀላል። አለቃው ጠዋት ማታ የሚደግማት ነገር አለችው፦ «ያለ ቁጥር አትክፈቱ!»

ፈታሿ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩን ደጋግማ ገፋች። ወንድሟ ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው፤ ደም የምትሰጠው እሷ ናት።

አለቃው ላፕቶፑን አየ።

«አሁን የገባ ለውጥ አለ። ብራንቹ ቁጥር የለውም።»

«ታዲያ ስሙ ማን ነው?» አለ ቀልዴ።

አለቃው ስክሪኑን አዞረላቸው። በቁጥሩ ቦታ «አትክፈቱ» ተብሎ ተጽፏል። ያስገባው ምድር ቤት፣ መግቢያው አጠገብ የሚቀመጠው፣ «ዝምታው» የሚሉት ባልደረባቸው ነው።

ቀልዴ ሳቁ አመለጠው። «ጋሼ፣ በገዛ አፍህ እኮ ነው የመለሰልህ!»

የዚያን ዕለት ጠዋት አለቃው «ሁለት ሥራ ባንድ ብራንች ቀላቅለሃል» ብሎ ዝምታውን ሰው ፊት ወርፎት ነበር። ዝምታው ወደ ቦታው ወረደ።

«ቂሙን ቋጥሮ ነው የወረደው» አለ አለቃው።

ደወሉለት። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግመው ሲሞክሩ ስልኩ ተዘግቷል።

ያኔ የበሩ እጀታ ከውጭ ተነቃነቀ።

«ይኸው፣ ሊስቅብን መጣ» አለ ቀልዴ።

ፈታሿ በሩን በመዳፏ ደበደበችው። «ክፈትልኝ! አንተና ጋሼ ብትጣሉ ወንድሜ ምን አደረገህ?»

ኮቴው ወደሚቀጥለው በር አለፈ።

ወደ አለቃው ዞረች። «በናትህ ጋሼ፣ ለውጡን ሰርዘው።»

«የሰው ብራንች ባለቤቱ ሳያውቅ አይነካም። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ።»

«ይሄ እኮ ቁጥር የለውም! ቁጥር ከሌለው ሥራ አይደለም፤ ሥራ ካልሆነ ምን ባለቤት አለው?»

«ይቺን እንኳ መልስላት» አለ ቀልዴ።

አለቃው ለውጡን ከዋናው ኮድ ላይ አነሳው።

የፎቁ መቆለፊያዎች በአንድነት ቀጭ ብለው ተከፈቱ። ፈታሿ ቀድማ ሮጣ ወጣች።

ፖሊስ በኋላ እንዳስታወቀው፣ መግቢያው ላይ የጥበቃውን ጠመንጃ ነጥቆ የገባው ሰው በዚያን ሰዓት ሦስተኛው ፎቅ ላይ በሮቹን አንድ በአንድ እየሞከረ ነበር።