የክብሪት ፋብሪካው ምስክር

የክብሪት ፋብሪካውን ወደ መንግሥት የሚያዞረው ረቂቅ አዋጅ ምክር ቤቱን ሦስት ቀን አከራከረ። የገዥው ፓርቲ ተወካይ ወይዘሮ ስንዱ «ፋብሪካው የሕዝብ ነው፤ መንግሥት ይያዘው» አሉ። የተቃዋሚው አቶ ገለታ «መንግሥት ከያዘው ይሞታል፤ ለባለሀብት ይተው» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡ።

አፈ ጉባኤው በምስክርነት ወደተጠሩት የፋብሪካው ዘበኛ ዞሩ።

«አባባ፣ እርስዎስ ማን ቢይዘው ይሻላል ይላሉ?»

ሽማግሌው ይህን ጥያቄ ፈርተው ሰንብተዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ማንም ቢይዘው ቅር አይለኝም፤ ብቻ እስከ ጥቅምት ታገሡኝ» አሉ። «ማሽኖቹ ከነጣሪያው ቆርቆሮ ተነቅለው ከሄዱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን አዳራሹ ውስጥ ያለው የእኔ በቆሎ ነው፤ ገና አልደረሰም።»