የኤሊዋ ተጠሪ

«ሞታለች?» ይላሉ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ገብረሕይወት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«አልሞተችም» ትላለች ማሂ። «ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።»

ፎቶውን እንደገና ከፍ ታደርገዋለች። የጀልባ ሞተር ጀርባዋን የሰነጠቃት የባሕር ኤሊ ናት፤ ከአትላንታ አምስት ሰዓት በመኪና ርቆ፣ ባሕሩ ዳር ባለ የኤሊ ሆስፒታል ተኝታለች። ለሰርጀሪው እስከ ዓርብ አምስት መቶ ዶላር ይጎድላል። ማሂ ይህን ስታስረዳ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አትላንታ ዳር፣ ሊቶኒያ በተከራዩት አዳራሽ የተሰበሰቡት አርባ ምናምን አባላት ግን ፎቶውን ትተው እሷን ያያሉ።

«ልጆች አሏት?» ትጠይቃለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«መቶ እንቁላል ትጥልና አሸዋ አልብሳው ትሄዳለች። ተመልሳ አታየውም።»

«ወይ እናት!»

አዳራሹ ይስቃል። የኤርፖርቱ ሹፌር ታዲዮስ እጁን ያወጣል። «ማሂዬ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ የኛ እድር የሚያውቀው ቀብር ነው። ስታርፍ ደውይልን፤ ድንኳኑም ንፍሮውም በኛ።»

ማሂ ሳቁ እስኪያልቅ አትጠብቅም። «ደንባችሁን አንብቤዋለሁ። አንቀጽ ዘጠኝ፤ ቤተሰቡ የታመመበት አባል አምስት መቶ ዶላር ይሰጠዋል። ቤተሰቡ ሰው መሆን አለበት አይልም።»

አቶ ገብረሕይወት መነጽራቸውን አውርደው ደንቡን ያገላብጣሉ። እውነትም አይልም። ያረቀቁት ራሳቸው ናቸው።

«አንቺ ግን አባል አይደለሽም» ይላሉ በመጨረሻ፣ እፎይ ብለው።

«ፎርሙን ይስጡኝ።»

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ወይንሸት አንድ ገጽ ያቀብሏታል። ማሂ እንደ ቆመች ትሞላለች። ስም። ዕድሜ፣ ሃያ ሰባት። አድራሻ፣ ደንዉዲ። እጇ ፈጣን ነው፤ ዲቪ ደርሷት ከመጣች ወዲህ በአራት ዓመት ያልሞላችው ፎርም የለም። «አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው» የሚለው ላይ ስትደርስ ትዘለዋለች፤ ፈርማም ትመልሳለች።

«ተጠሪሽስ?» ይላሉ ወይዘሮ ወይንሸት፣ ባዶውን ቦታ በጣታቸው እየነኩ።

«የለኝም። ይዝለሉት።»

«አይዘለልም፣ ልጄ። ሬሳ ይዘን ማንን እንጠይቅ? አብሮሽ የሚኖር?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«የሥራ ጓደኛ?»

«ከቤት ነው የምሠራው።»

«ታዲያ አንድ ቀን ብትጠፊ መጥፋትሽን የሚያውቅ ማን ነው?»

ማሂ ባዶውን ቦታ ታያለች። የሥራ ኢሜይሏን ሦስት ቀን ሳትመልስ ብትቀር በአራተኛው ቀን ሌላ ይላክላታል እንጂ በሯን የሚያንኳኳ አይኖርም። እስክሪብቶውን ትወስድና፣ ስልኳን ሳታይ፣ በቃሏ የያዘችውን ብቸኛ ቁጥር ትጽፋለች።

«በየሳምንቱ እየነዳሁ ሄጄ ቮለንቲር የማደርግበት ነው። ቅዳሜ ካረፈድኩ ይደውሉልኛል።»

በዚህ እድር ለተጠሪ ሳይደወል ማኅተም አይመታም። ወይዘሮ ወይንሸት ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው፣ ድምፁን ለሁሉም ከፍተው ይደውላሉ። ይጠራል። አሁንም ይጠራል። እሑድ ነው።

ከዚያ የተቀዳ ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል፤ እንግሊዝኛውን የማይሰማ የለም። ዛሬ ዝግ ነን። የተጎዳ ኤሊ ካገኛችሁ ወደ ባሕር አትመልሱት። ሰው እስኪደርስ አጠገቡ ቆዩ።

የሚስቅ የለም። ታዲዮስ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ማሽከርከሩን ያቆማል። ማሂ ዓይኗን ከማኅተሙ አትነቅልም።

ወይዘሮ ወይንሸት ማኅተሙን አንስተው ፎርሙ ላይ ይመቱታል። ቀጥለው፣ አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አንስተው መሬት ያስቀምጡና ወንበሩን ወደ ማሂ ያስጠጉታል።