ጥሩው ውሃ

ዋቅቶላ የአሮጌዋን የስፖርት መኪና ዘይትና ፍሬን አይቶ ሲጨርስ ወገቡ አልቀና አለው። አምቦ ውስጥ ጋራዥ ከከፈተ ወዲህ እንዲህ ደክሞት አያውቅም። ወይዘሮ ጉዴ አጠገቡ ቆመዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በየእሁዱ ሞተሯን ብቻ እያስነሱ ያቆዩዋት መኪና ልጃቸውን ሙሽራዋን ይዛ ጊንጪ እንድትሄድ ፈልገዋል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ሲሰድ ነጭ ቅርፊት ተከትሎት ወጣ።

«አዴ፣ ምን ውሃ ነው ሲጨምሩባት የነበረው?»

«ጥሩውን ነዋ። ጋዝ ያለውን፣ ከምንጩ እያስቀዳሁ።»

«እሱ እኮ ሲሞቅ ይጋገርና ጠጠር ይሆናል። ይኸው ደፍኖታል።»

ወይዘሮ ጉዴ የኮፈኑን ጠርዝ ያዙ። «ባሌንም ኩላሊቱን ሲያመው ይህንኑ ነበር የማጠጣው» አሉ። «እስከ መጨረሻው።»

ዋቅቶላ ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት እንዳያዩት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በሱሪው ጠረገ። ራዲያተሩን አውርዶ ማጠብ ገና ይቀረዋል። ክዳኑን መልሶ ገጠመና ፊታቸውን ሳያይ፣ «ቆይ እስቲ፣ ተሳስቻለሁ» አለ። «የውሃው አይደለም አዴ። ብረቱ አርጅቶ ነው።»